ሌባ ያዥዋ አምፖል

ወደ ጋሼ ገሪማ ግቢ ስገባ ቤተሰቡ በሙሉ እጁን ይታጠብ ነበር። ማዕድ አልቀረበም፤ ጊዜውም ገና ከጧቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ወጥ ቤት የምትሠራው ወርቂቱ በማንቆርቆሪያ ታስታጥባለች፤ የቤቱ እመቤት እትዬ አትጠገብ በልብስ ሳሙና እስከ ክርኗ ድረስ ትፈትጋለች፤ ለምስክርነት የተጠሩት ጎረቤት ጋሽ ወልደዮሐንስ ደግሞ ማንም ሳያዛቸው ታጥበው ጨርሰው፣ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አንሥተው በነፋስ ያደርቃሉ። የጋሼ ገሪማ እህት ሙሉነሽ ብቻ በረንዳው ጫፍ ላይ፣ በገመድ ከታሰረ የቆርቆሮ ሳጥን አጠገብ ቆማ ተራዋን ትጠብቃለች። ሳጥኑ ላይ ሬዲዮዋ በነጠላ ተጠቅልላ ተቀምጣለች። የሚሰማው የውሃው ድምፅ ብቻ ነው።

«ምን ሆናችኋል? ሰው ሞተ እንዴ?» አልኩ።

«እጅ ቅባት ካለው አምፖሏ ትሳሳታለች ያልከው አንተ አይደለህም?» አሉ ጋሼ ገሪማ። «ይኸው ታጥበናል። አውጣት።»

ብያለሁ፤ አልክድም። ዲላ ውስጥ ላሉት አራት ሞተር ብስክሌቶችና ቁጥራቸውን ለማላውቀው የስፌት መኪናዎች ሐኪማቸው እኔ ከፈለኝ ነኝ። መሣሪያ ሣጥኔ ውስጥ አንዲት አምፖል አለችኝ፤ ከአንድ ሞተር የኋላ መብራት የወጣች፣ ሁለት ሽቦ የተጣበቀባት፣ በሳርዲን ጣሳ ክዳን ላይ የተተከለች። ሥራዋ አንድ ነው፤ ኤሌክትሪክ ካለ ትበራለች፣ ከሌለ ትጨልማለች። ከሦስት ሳምንት በፊት ግን በደበበ ሻይ ቤት የአንድ ቡና ነጋዴ ባርኔጣ ጠፋና ሰዉ ሁሉ እርስ በርሱ ሲተያይ፣ እኔ ዝም ብዬ መቀመጥ አቃተኝ። ባትሪ ከጠረጴዛው ሥር አድርጌ፣ ሽቦውን በእግሬ አውራ ጣት እየነካሁ፣ «ይቺ አምፖል የሚዋሽ ሰው ሲይዛት ትበራለች» አልኩ። ሁለት ሰው አስያዝኩ፤ ጨለመች። ሦስተኛውን ሚስቱን ይወዳት እንደሆነ ጠይቄ አስያዝኩት፤ በራች። የጭነት መኪና ረዳት የሆነው ደጀኔ ተራው ሳይደርስ ባርኔጣውን ከኮቱ ውስጥ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ከዚያ በኋላ እኔን ማን ያቆመኛል? ከይርጋጨፌ ወዲያ አንድ የቡና ሚዛን ያዥ ሲነካት ብልጭታዋ ከዲላ በታች እስካለችው ጪጩ ድረስ ታይቶ ዶሮዎች ነጋ ብለው ከቆጥ ወረዱ አልኩ። የእጁን ቅባት የጨመርኩት ነገሩ የተማረ ሰው ነገር እንዲመስል ነው።

ጋሼ ገሪማ ያን ጊዜ ጥግ ላይ ተቀምጠው ነበር። አልሳቁም። እኔ ደግሞ ያልሳቀ ሰው አላመነም ብዬ አልፌዋለሁ።

የእሳቸው ነገር እንዲህ ነው። በዘጠኝ መቶ ብር የገዟት ቀይ ሞተር ብስክሌት አለቻቸው፤ በቡና ወቅት በጧት ተነሥተው ጪጩ ወርደው፣ ሌላ ገዢ ሳይደርስ እሸት ቡናውን ይገዛሉ። ሁለት ወር ሆነ እንግዲህ፣ ማታ ደህና የገባችው ሞተር ጧት ባትሪዋ ሞቶ ይገኛል። ለሁለት ወዛደር ስሙኒ ስሙኒ ሰጥተው ቁልቁለቱን እያስገፉ እስክትነሣ፣ የሐዋሳ መንገድ ነጋዴዎች የጪጩን ቡና ጭነው ይጨርሳሉ። መጀመሪያ ቤንዚን ሻጩን ጠረጠሩ። ቀጥሎ እኔን። ትናንት ባትሪውን ፈትቼ ወፍጮ ቤት ሄጄ ሳስሞላ ጎኑ ላይ በቢላዋ የተፋቀ መስቀል አየሁ፤ በሌላ ባትሪ እንዳልለውጠው ምልክት ማድረጋቸው ነው። ሦስተኛ ላይ እህታቸውን ጠረጠሩ። ሙሉነሽ የፖሊስ ሚስት ነበረች፤ ባሏ ሲሞት የቀረላት ይቺ ሬዲዮ ናት። ከጓሮ ባለችው ክፍል ማታ ማታ ዘፈንም ዜናም ትሰማለች፤ የሬዲዮ ድንጋይ ስትገዛ ግን ማንም አይቷት አያውቅም። በዚህ ላይ እትዬ አትጠገብ ከሞተሩ ተነሥቶ በሙሉነሽ መስኮት የሚገባ ሽቦ በዓይኔ አየሁ አለች። ስለዚህ ሳጥኗ ታስሯል፤ ከይርጋጨፌ በሚመጣው የስድስት ሰዓት አውቶቡስ ወደ አገሯ እንድትመለስ ቲኬቷ ተገዝቷል። አገሯ ማለት ደግሞ እናትም አባትም የሌለበት፣ ለአጎት ልጆች ውሃ የምትቀዳበት ቤት ነው። የቀረው የእኔ አምፖል ፍርድ ነበር። አምፖሏ ንጹሕ ናት ካለች ትቀመጣለች፤ ካልሆነ ትሄዳለች። ይህንን ጋሽ ወልደዮሐንስ የፍርድ ቤት ጸሐፊ በነበሩበት ዘመን ድምፅ፣ ቃል በቃል ነገሩኝ።

ውሸቴ ነው ለማለት አፌን ከፍቼ ነበር። ከዚያ ደግሞ፣ ሞተሩን ብፈትሽና በሽታውን ባገኘው ሁሉም ነገር በሰላም ያልቃል፣ የአምፖሏም ስም የእኔም ስም አይነካም ብዬ አፌን ዘጋሁት። «ጋሼ፣ ሰው ከመያዙ በፊት ሞተሩ መታየት አለበት። የሽቦውን መንገድም ልይ» አልኩ።

«እይ። እኔም አብሬህ አያለሁ» አሉ።

የሙሉነሽ ክፍል አራት እርምጃ በሦስት ናት። ግድግዳው ጋዜጣ ተለጥፎበታል፤ ከአልጋው ራስጌ የጃንሆይ ፎቶግራፍ ያለበት የዓምና ካሌንደር ተሰቅሏል። ፍራሹ ተጠቅልሎ ስለታሰረ አልጋው ላይ የቀረው ጣውላ ብቻ ነው። እትዬ አትጠገብ በሩ ላይ ቆማ ወለሉን በዓይኗ ትለካለች። ሽቦ የለም፤ የሽቦ ቀዳዳም የለም። መስኮቱ ደፍ ላይ ግን ስድስት አሮጌ የሬዲዮ ድንጋዮች በጧት ፀሐይ ተደርድረዋል። «ደበበ ሻይ ቤት ሲጥሏቸው ነው የምለቅማቸው» አለች ሙሉነሽ ከኋላችን። «ፀሐይ ሲመታቸው ማታ አንድ ሰዓት ያህል ይሠራሉ። ስድስቱን እቀያይራለሁ።» ጋሼ ገሪማ አንዱን አንሥተው አገላበጡት፣ አሸተቱት፣ መልሰው አኖሩት። «ይህን ያህል ጊዜ ለምን አልነገርሽኝም?» አሉ። «አልጠየቅከኝም» አለች። ከዚያ ሁለቱም ወደ ድንጋዮቹ ዞሩ። ነገሩ እዚያ ላይ ሊያልቅ ይችል ነበር። ጋሼ ገሪማ ግን በሩን ሲያልፉ፣ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው፣ «ፀሐይ ደግሞ ኤሌክትሪክ ይሰጣል?» አሉ።

ባትሪውን መልሼ ገጠምኩት፤ የቢላዋውን መስቀል አይተው አረጋገጡ። ጋሼ ገሪማ እንደ ልማዳቸው የኮርቻውን ሥር በእጃቸው ሲደባብሱ፣ ሞተሩን አስነሥቼ የፊት መብራቱን አበራሁና ጋዝ ሰጠሁት፤ ብርሃኑ ፏ አለ። ስለቅቀው ደብዘዝ አለ፣ ስሰጠው እንደገና ፏ። «ዲናሞው ጤነኛ ነው» አልኳቸው። «በርሜል ነው በሉት። ከላይ ቧንቧው ደህና አድርጎ ይሞላዋል። ጧት ባዶ የሚገኘው ከታች የሚያፈስ ቀዳዳ ስላለ ነው።»

«ቀዳዳ ወይም ቀጂ» አሉ ጋሽ ወልደዮሐንስ።

ሞተሩን አጠፋሁ፣ ቁልፉን ነቀልኩ። አሁን ሁሉ ነገር ተዘግቷልና ከባትሪው ምንም መውጣት የለበትም። የሚወጣ ካለ ለማየት የባትሪውን አንዱን ሽቦ ፈትቼ አምፖሏን መሀል አስገባለሁ፤ ሾልኮ የሚሄድ ኤሌክትሪክ በእሷ ውስጥ ማለፍ ግድ ይሆንበታል። ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር የሞተሩ ማቆሚያ ጭቃው ውስጥ ሰጠመና ሞተሩ ወደ እኔ ዘመመ። እኔም ከሁሉ የምትቀርበኝን ሰው፣ ማንነቷን እንኳ ሳላስብ፣ «እስቲ መሪውን ቀጥ አድርጊልኝ» አልኩ። ያዘችልኝ። ሽቦውን አገናኘሁ። አምፖሏ የሲጋራ ጫፍ ያህል ቀላች።

ቀና ስል መሪውን የያዘችው ሙሉነሽ ናት።

«በራች» አሉ ጋሼ ገሪማ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር፤ ደስ ያላቸውም አይመስልም። ሙሉነሽ እንዳቃጠላት ሁሉ መሪውን ለቀቀችው፤ ሞተሩ ሲወድቅ በትከሻዬ ያዝኩት። ወርቂቱ ማንቆርቆሪያውን መሬት አስቀመጠች። ጋሽ ወልደዮሐንስ ሰዓታቸውን ከኪሳቸው አውጥተው፣ ለመዝገብ ይመስል፣ «አራት ሰዓት ከሩብ» አሉ።

«ጋሼ፣ ይቆዩ» አልኩ። «ይቺ አምፖል ሌባ አታውቅም። ዋሽቼ ነው።»

«መቼ ነው የዋሸኸው?»

«ያን ጊዜ። ደበበ ቤት። በእግሬ ነበር የማበራት።»

«ያን ጊዜ ነው ወይስ አሁን?» አሉ ጋሼ ገሪማ።

«ደጀኔ ታዲያ ባርኔጣውን ለምን አወጣ?» አሉ ጋሽ ወልደዮሐንስ።

«ፈርቶ።»

«ካላወቀችበት ምን አስፈራው? እኔ እዚያው ነበርኩ፤ በዓይኔ ያየሁትን ነው የምናገረው።»

እትዬ አትጠገብ ከበረንዳው ላይ፣ ፎጣውን እያጠፈች፣ «የለበሰውን ኮት ክርን እዩት» አለች። ሁላችንም አየነው። ባለፈው ወር ሙሉነሽ ጥሩ አድርጋ የጠገነችልኝ ክርን ነው። «በነፃ ነው የሰፋችለት። እሱ ቢዋሽላት ምን ይገርማል?» በሕይወቴ ስንት ነገር ተናግሬ፣ ዝሆን በብስክሌት ቀድሜያለሁ ብዬ እንኳ ሰው አንገቱን ነቅንቆ ሰምቶኛል፤ እውነቱን የተናገርኩባት የመጀመሪያዋ ቀን ግን ይቺው ናት፣ ማንም አልተቀበለኝም። ሙሉነሽ ወደ እኔ አላየችም። የምታየው ወንድሟን ነበር፤ እሳቸው ደግሞ ጭቃውን።

«እሺ» አልኩ፣ «እንግዲያው ሁላችሁም ያዙ። ለሁሉ እንደምትበራ አሳያችኋለሁ።» ሽቦውን ሳልፈታ ወርቂቱን ጠራሁ። ወርቂቱ መሪውን በአንድ ጣት ነካች፤ አምፖሏ እንደቀላች ናት። «እኔ ስኳር ነው» አለች። «ሁለት ማንኪያ፣ እሁድ እሁድ ብቻ። ኤሌክትሪክ ግን አልወሰድኩም፤ እሱን ወስጄ የት አስቀምጠዋለሁ?» አልጠየቅንሽም ብላት አልሰማችኝም፤ ስለ ቅቤውም ልትጀምር ስትል ጋሽ ወልደዮሐንስ ዝም አሰኟትና እትዬ አትጠገብን ጠሩ። እሷም የነጠላዋን ጫፍ መዳፏ ላይ አድርጋ መጣች። «ያለ ጨርቅ» አሉ ሽማግሌው። ያለ ጨርቅ ያዘች። እኔ፣ እንግዲህ ይኸው ለእሷም በራች፣ አሁን ገባችሁ ልል ተዘጋጅቼ ነበር። እሷ ቀደመችኝ።

«በዓይኔ አላየሁትም» አለች።

«ምኑን?» አሉ ባሏ።

«ሽቦውን። የልብስ ማስጫ ገመድ ይሆናል። የመሰለኝን ነው የተናገርኩት።» መሪውን እንደያዘች ነው፤ ከእጇ የሚያላቅቃት ሰው የምትጠብቅ ትመስል ነበር። «አዲሱ አስተማሪ ክፍሏን በአሥራ ሁለት ብር እወስዳለሁ ብሎኛል። በወር አሥራ ሁለት ብር። አንድ ዓመት ሙሉ በነፃ ተቀመጠች፤ እኔ አንድ ቀን ተናግሬ አውቃለሁ?»

ሙሉነሽ በረንዳው ላይ ሄዳ ሳጥኗ ላይ ተቀመጠች፤ ሬዲዮዋን ጉልበቷ ላይ አደረገች። ጋሼ ገሪማ ሚስታቸውን ለረጅም ጊዜ አዩና ወደ እኔ ዞሩ። አሁን የሚጠረጥሩት ሰው እንደበዛባቸው ከዓይናቸው አመላለስ ይታወቃል፤ ከሚስታቸው ወደ እህታቸው፣ ከእህታቸው ወደ ወርቂቱ፣ ከእሷ ወደ መሣሪያ ሣጥኔ።

«የቀሩት እርስዎ ነዎት» አሉ ጋሽ ወልደዮሐንስ።

«እኔ ባለንብረቱ ነኝ። ሰው ከራሱ ይሰርቃል እንዴ?»

«አምፖሏ የምትይዘው ውሸት ነው ተባለ እንጂ ስርቆት አይደለም።»

«አልይዝም አልኩ፣ ጋሽ ወልዴ።»

እንዲህ ያለ እምቢታ ሲመጣ ደስ የሚለኝ ሰው ነበርኩ። ሌላ ቀን ቢሆን እሱን ይዤ ሳምንት ሙሉ ሻይ በነፃ እጠጣበት ነበር። አሁን ግን ዋናው መንገድ ላይ የሚያልፍ መኪና በጮኸ ቁጥር ሁላችንም አውቶቡሱ መሰለን። ሞተሩን ገፍቼ ከግድግዳው ጋር አስደገፍኩትና ሁሉንም በረንዳው ላይ እንዲወጡ ለመንኩ። እኔም እጄን ኪሴ ከትቼ አብሬያቸው ቆምኩ። አምፖሏ፣ ማንም ሳይነካት፣ እዚያው እንደቀላች ናት።

«አሁንስ ማንን ነው የምትከሰው?» አልኩ።

«ግድግዳውን» አለች ሙሉነሽ።

ማንም አልሳቀም፤ ግን ጋሽ ወልደዮሐንስ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና መልሰው አደረጉት፤ «እስቲ ቀጥል፣ ልጄ» አሉኝ። ልጄ ሲሉኝ ልቤ መለስ አለ። ተንበርክኬ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ መንቀል ጀመርኩ። የቀዳዳ ፍለጋ እንዲህ ነው፤ አንዱን መንገድ ስትዘጋ አምፖሏ ከጨለመች፣ የሚያፈሰው በዚያ በኩል ነው። የፊት መብራቱን ነቀልኩ፤ አልጨለመችም። ክላክሱን ነቀልኩ፤ አልጨለመችም። የኋላውን መብራት ነቀልኩ፤ ያው ናት። ኮርቻውን ፈትቼ ሳነሣ፣ ከባትሪው ተነሥቶ ከኮርቻው ሥር ወደ ጎን የሚታጠፍ ጥቁር ሽቦ አየሁ። ሞተሯን ከተገዛችበት ጀምሮ አውቃታለሁ፤ እንዲህ ያለ ሽቦ አልነበራትም። ነቀልኩት። ጨለመች። መልሼ ነካሁት፤ ቀላች። ነቀልኩት። ጨለመች። ሦስተኛ ጊዜ ያደረግሁት ለእነሱ ሳይሆን ለራሴ ነው፤ የሠራሁት ነገር እውነት ሆኖ ሲገኝ ማየት ብርቅ ሆኖብኝ።

ሽቦውን በጣቴ ተከተልኩት። ብረቱ ሲያሻሸው ልጡ ተልጦ መዳቡ አረንጓዴ ሆኗል፤ የተጠቀለለበት ጨርቅ በዝናቡ ርሷል፤ በእርጥቡ ጨርቅ በኩል ኤሌክትሪኩ ሌሊቱን ሙሉ ጠብ ጠብ እያለ ወደ ሞተሩ ብረት ይፈሳል። የሽቦው ጫፍ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ማብሪያ ማጥፊያ ተገጥማለች፤ ከኮርቻው ሥር፣ የማያውቅ ሰው የማያያት ቦታ። «ይሄ የእኔ እጅ አይደለም» አልኩና ቀና ብዬ አየሁ። አራቱ ሰዎች ሽቦውን ያያሉ። ጋሼ ገሪማ የጫማቸውን ማሰሪያ ያያሉ።

«ይርጋጨፌ ነው ያስገጠምኩት» አሉ። «ከሦስት ወር በፊት። እሷ ካልተነካች ሞተሩ በቁልፍም ቢሆን አይነሣም።»

«ሁለት ወር ሙሉ በሽታ ስፈልግ ዝም አሉኝ?»

«ለአንተ ልንገርህ እንዴ? ያስገጠምኩት በአንተ ምክንያት አይደለም ወይ? በጥምቀት ማግሥት በሚስማር አስነሥተህ፣ ከኋላ ፍየል ጭነህ ገበያውን ሁለት ጊዜ የዞርክበትን ረሳኸው? ከተማው ሲስቅብኝ የከረመ፣ በሚስማር የምትነሣ ሞተር ይዤ እንዴት ልተኛ?»

አልረሳሁትም። እንዲያውም ፍየሏ መነጽር አድርጋ ነበር እያልኩ ነው የማወራው። ካቻቢቴውን ይዤ ጎንበስ አልኩና ጥቁሩን ሽቦ ከነማጥፊያዋ ፈትቼ አወጣሁት፤ ማጥፊያዋን ሲገጥሙ የቆረጡትን ሽቦ አገናኝቼ በናስትሮ ጠቀለልኩ፤ ባትሪውን አሠርኩ። እጄ የሚያውቀውን ሥራ እየሠራ ጭንቅላቴ ሌላ ነገር ይቆጥር ነበር። ሞተሩን በሚስማር ባላስነሣው፣ ማጥፊያዋ ባልገባች፤ ማጥፊያዋ ባትገባ፣ ባትሪው ባልሞተ፤ አምፖሏን ባላስወራ፣ ሙሉነሽ እንደ ሌባ እጇን አስታጥበው ባላሰለፏት። ፍየሏ ብቻ ንጹሕ ናት። ሞተሩ በመጀመሪያው ምት ተነሣ። ጋሼ ገሪማ ራሳቸው ጋዝ ሰጥተው መብራቱ ፏ ሲል አዩ፤ ቁልፉን ዘግተው፣ አምፖሏን መልሼ መሀል ሳስገባት እንደጨለመች አዩ። ማጥፊያዋንም ከእጄ ወስደው ኪሳቸው ከተቱ።

«ሳጥኑን አስገቢው» አሏት ወርቂቱን።

ወርቂቱ ወደ ሳጥኑ ስትጎነበስ ሙሉነሽ እጇን ክዳኑ ላይ አኖረች። «ይቆይ» አለች። ያን ጊዜ አውቶቡሱ ከላይኛው መንገድ ክላክሱን ነፋ፤ ረዳቱ ሻሸመኔ፣ አዲስ አበባ እያለ ሲጣራ ይሰማል። ሁላችንም ወደ አጥሩ አየን። ጋሼ ገሪማ የሚሉት ነገር እንዳለ እኔም፣ ወርቂቱም፣ እትዬ አትጠገብ እንኳ አውቀን ጠበቅን። ለአንድ ቃል የሚበቃ ሳይሆን ለአንድ ስብከት የሚበቃ ጊዜ ነበር፤ አውቶቡስ ጭነት ጣራው ላይ አውጥቶ እስኪያስር ስንት ይፈጃል? እሳቸው ሰማዩን አዩ።

«ዝናብ ይመጣል» አሉ። «ሳጥኑ ይርሳል።»

ሙሉነሽ ተነሣች። ነጠላዋን አጣፋች፣ ሬዲዮዋን በክንዷ ያዘች። «ቲኬቱን ለሚሄድ ሰው ስጠው፣ ጋሼ» አለች። «እኔ ከዲላ አልወጣም። ጽጌማርያም ጋ ክፍል አለ፤ አራት ብር ነው። በስፌት መኪናዋ እየሰፋሁ እከፍላታለሁ።»

«ማን ውጪ አለሽ? አስገቢው አልኩ እኮ።»

«ሰምቻለሁ» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ከፈለኝ፣ ሳጥኑን ታደርስልኛለህ?»

ተሸከምኩት። ምን እንደያዘ እግዜር ይወቅ፣ የፖሊሱን ባሏን ቦት ጫማዎች ሳይቀር ይዛለች መሰለኝ፤ ከበሩ ሳልወጣ አንገቴ ትከሻዬ ውስጥ ገባ። ሙሉነሽ ከፊት ትሄዳለች፤ ፈጠን ብላ፣ ጭቃውን እየዘለለች። ሃያ እርምጃ ሳንሄድ ከኋላችን የሞተር ድምፅ ሰማሁ። ጋሼ ገሪማ ናቸው። አልቀደሙንም፤ ሁለት እግራቸውን ወደ መሬት ሰድደው፣ በሰው እርምጃ ልክ፣ ዳገቱን እየተንፏቀቁ ይከተሉናል። የፊት መብራቱ በቀን ይበራል። ገበያው አፋፍ ላይ የእሸት ቡና ጆንያ ደርድረው የተቀመጡት ሴቶች መጀመሪያ እሷን፣ ቀጥሎ እኔን፣ ከዚያ ሞተሩን አዩ። ሰይድ ከሱቁ ደጃፍ ሆኖ «ከፈለኝ፣ ደግሞ ዛሬ ምን አመጣህ?» አለኝ፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን ለዚህ ጥያቄ ሰባት መልስ ነበረኝ። ሳጥኑን ትከሻዬ ላይ አስተካክዬ አለፍኩ። ሙሉነሽ ወደ ኋላ አልዞረችም፤ ሞተሩ ሲጠጋ ግን እርምጃዋ ዘገም ሲል፣ ሲርቅም እንዲደርስባት ዘገም ሲል አየሁት።

ጽጌማርያም ልብስ ሰፊዋ ከገበያው ጀርባ፣ የቆርቆሮ በር ያለው ግቢ ውስጥ ሦስት ክፍል ታከራያለች። በሩ ተከፈተልን፤ ሳጥኑን ውስጥ አስገብቼ አወረድኩትና አንገቴን እያሸሁ ወጣሁ። ሙሉነሽ በሩን አልዘጋችውም። ከውስጥ፣ ከደፉ አንድ እርምጃ ወዲያ ቆማለች፤ የጫማዋ ጫፍ ይታየኛል። ጋሼ ገሪማ ደጃፉ ላይ ደርሰው ሞተሩን አጠፉ። ቁልፉን ነቅለው ኪሳቸው ከተቱ። አንድ እግራቸውን አንሥተው ሊወርዱ ሲሉ ቆሙ፤ አሁን ማጥፊያዋ የለችም፣ ሚስማር ያለው ሁሉ ሞተሩን ሊያስነሣው ይችላል። መንገዱን ወደ ላይ አዩ፤ ሁለት አህያ ነጂዎች። ወደ ታች አዩ፤ አንድ ጆንያ የተሸከመ ወዛደር። ከዚያ እኔን አዩ።

«ይግቡ፣ ጋሼ» አልኩ። «እኔ እጠብቅልዎታለሁ።» የምሬን ነበር፤ እጄንም ወደ መሪው ዘረጋሁላቸው።

«አንተ?» አሉ።

ድምፃቸው ትልቅ አልነበረም፤ ግን የቆርቆሮው በር ክፍት ነው። የጫማዋ ጫፍ ወደ ኋላ ሸሸ፣ በሩ ቀስ ብሎ ተገጠመ፣ መወርወሪያውም ሲገባ ተሰማ። ጋሼ ገሪማ አንድ እግራቸው በአየር ላይ እንዳለ በሩን አዩት። መሪውን ግን በሁለት እጃቸው ጨብጠውት ነበር።